የእመት ካሰች ምሰሶ

በእመት ካሰች መቃብር ላይ የቆመው የባሕር ዛፍ ግንድ ነበር። ልጡ እንኳ አልተላጠም።

ኢንስፔክተር ፍቅርተ ከደብረ ታቦር ተነስታ አስታ ሜዳ ጊዮርጊስ ስትደርስ ቅዳሜ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ሆኗል። ለአርባው የመጣው ሰው ገና አልተበተነም። ሦስት መቶ የሚሆን ሰው በጉና ብርድ ጋቢውን እስከ አፉ ተከናንቦ ቆሟል፤ የሚያወራ ግን የለም። ሰው ሲሰረቅ ይጮሃል፣ ይራገማል። እዚህ ሁሉም መሬት መሬቱን ነው የሚያየው፤ የሞተች ሴት ራቁቷን ቆማ ያገኟት ይመስል።

የአስታ ሜዳ ሰው ሙታኑን በድንጋይ አያስብም። ሰው በሞተ በአርባ ቀኑ ከጥድ የተጠረበ ምሰሶ ይቆምለታል። ለወንድ ሞፈርና ቀንበር፣ ለሴት እንዝርት ይቀረጽበታል። ከሥሩ ደግሞ በልጆቹ ቁጥር ርግብ ይደረደራል፤ ልጁ በሕይወት ካለ ክንፏን የዘረጋች፣ ከሞተ ክንፏን ያጠፈች። ምሰሶው ሳይቆም ዘመድ ማየት አይችልም። በአቡጀዲ ተጠቅልሎ፣ አቡጀዲው ተሰፍቶ ይመጣል፤ ይቆማል፤ ከዚያ ታላቁ ልጅ ስፌቱን ይፈታል። ከዚያ ወዲያ ማንም አይነካውም። ዝናብ ይበላዋል፣ ምስጥ ይበላዋል። በራሱ ጊዜ ሲወድቅ ሟቹ ዐረፈ ይባላል።

ዛሬ ታላቁ ልጅ ደሳለው ስፌቱን ፈትቶ አቡጀዲውን ሲገፈው የወጣው ይህ ግንድ ነው።

«የሬሳ ስርቆት ሰምቻለሁ» አለ ሳጅን ሲሳይ፣ ጡረታው የቀረበ ነገር አዋቂ ሰው፣ ጢሙን እያሸ። «የመቃብር እንጨት ስርቆት ግን በዚህ እድሜዬ ገና መስማቴ ነው። አለቃዬ፣ በየትኛው አንቀጽ ልትጽፊው ነው?»

«መጀመሪያ ሌባውን አምጣልኝ፤ አንቀጹን እኔ እፈልጋለሁ።»

ፍቅርተ ነገር ከያዘች የማትለቅ ሴት ነበረች። ከተራ ፖሊስነት ተነስታ ኢንስፔክተር የሆነችውም በትምህርት ሳይሆን በዚህ ጠባይዋ ነው። ጎንበስ ብላ አቡጀዲውን አየችው። ስፌቱ ጥቅጥቅ ያለ፣ እኩል የተረገጠ ነው። ሌባው ምሰሶውን አውጥቶ ግንዱን ከከተተ በኋላ ቁጭ ብሎ እንደነበረው ሰፍቶታል።

«ትዕግሥተኛ ሌባ ነው» አለች።

ቄሰ ገበዝ ንብረት፣ የደብሩ አስተዳዳሪ፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው የሆነውን ነገሯት። ምሰሶው አርብ ቀትር ላይ ከጠራቢው ቤት መጥቶ ደጀ ሰላሙ ውስጥ ተጋደመ። የደጀ ሰላሙ በር ቁልፍ የለውም፤ እሳቸው ግን እስከ ማታ ፊት ለፊቱ ተቀምጠው ነበር፤ ሌሊቱንም በሩ ሥር ተኝተው አድረዋል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ በረዶ ሲወርድ ብቻ ቤተ ልሔሙ ውስጥ ተጠልለዋል። ግንዱም ከደጀ ሰላሙ ጀርባ ለአጥር ከተከመረው ባሕር ዛፍ እየተንከባለለ የገባ ነው።

«በዚያ መሃል ማን ገባ ማን ወጣ አባ?»

«ማንም።»

«አንድም ሰው?»

«ልጄ፣ ማንም አልኩሽ። ካህን ነኝ እኮ።»

ከተሸካሚዎቹ አንዱን አስጠራች። ደረተ ሰፊ ጎልማሳ ነው፤ ቆቡን በእጁ ያፍተለትላል።

«አርብ ለት ለሁለት ሆነን እየተጨዋወትን ነው ያመጣነው። ዛሬ ከደጀ ሰላም እስከ መቃብሩ ለአራት ተሸክመነው ጉልበታችን ከዳን።»

«ታዲያ ሲከብዳችሁ ምን አላችሁ?»

ሰውየው ወደ ደሳለው ሰረቅ አድርጎ አየና ድምፁን ቀነሰ። «ምን እንላለን… የእመት ካሰች ኃጢአት ነው የከበደው ብለን ዝም አልን።»

ሳጅን ሲሳይ ሳል ይዞት ዞር አለ። ፍቅርተ አልሳቀችም። ለአራት ሰው የከበደ ነገር ለሁለት ሰው እንዴት እንደቀለለ ግን ያኔውኑ መጠየቅ ነበረባት፤ አልጠየቀችም። በኋላ ስታስበው ካፈረችባቸው ነገሮች የመጀመሪያው ይኸው ነው።

የእመት ካሰች ቤት ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ነው፤ ሰፊ ግቢ፣ ቆርቆሮ ቤት፣ ጓሮው ሙሉ የማገዶ ክምር። ሟቿ ሀብታምና ኩሩ ሴት ነበሩ። ባላቸው አቶ ባዩ ቀድመዋቸው ሞተዋል። ከልጆቻቸው ሁለት በሕይወት አሉ፤ ገሳይ ላይ እህል የሚነግደው ደሳለው፣ ከዐረብ አገር ከተመለሰች ሦስት ዓመት የሆናት ፋሲካ። መካከለኛው ሞገስ በልጅነቱ በኩፍኝ ሞቷል።

እጅ መታጠቢያ ቀረበ፤ ውሃ ፈሰሰላቸው፤ ምሳ ገባ። ፍቅርተ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘረጋች።

«አርብ ዘጠኝ ሰዓት የት ነበራችሁ?»

«እኔ ገሳይ መጋዘን፤ ሦስት ሠራተኛ ይመሰክራል» አለ ደሳለው። «ፋሲካ እዚሁ ከጎረቤት ሴቶች ጋር ድግስ ላይ ነበረች።»

«ምሰሶውን ሳይቆም ያየው አለ?»

«ማንም አላየውም። ወጉ አይፈቅድም። ኢንስፔክተር፣ ልብዎን አያድክሙ። ሌባው ይታወቃል። ዳኛቸው የሚባል ባሕር ዳር ያለ ሠዓሊ አለ፤ የኛን ምሰሶ አዳራሽ ውስጥ ደርድሮ ፈረንጅ ያስጎበኛል። ማን ይሸጥለታል? እሸቴ ጠራቢው። የእናቴንም የጠረበው እሱ ነው። አንዱ ጠረበ፣ አንዱ ወሰደ።»

ፋሲካ ከእንጀራው ቀና አለች። «ወንድምዓለም፣ አያ እሸቴ ሙት አይሸጡም» አለች።

«አንቺ ሰባት ዓመት አገር አታውቂም። ዝም በይ።»

አያ እሸቴ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ እጃቸው እንደ ወይራ ሥር የጠነከረ ሰው ናቸው። ደጃቸው ላይ ተቀምጠው መሮ ሲስሉ አገኟቸው።

«ለዳኛቸው ምሰሶ ሸጠዋል?»

«ስድስት ሰጥቻለሁ።»

«የማን መቃብር ላይ የነበሩ?»

«የማንም። ርግብ የላቸውም፣ ስም የላቸውም። ለአዳራሽ ብዬ የሠራኋቸው ናቸው።»

«እንጨቱ አንድ፣ እጁ አንድ። ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው?»

ሽማግሌው መሮውን አስቀመጡ። «ያኛውን ሰው ያየዋል። ይሄኛው ግን ሰውን ያያል።»

«የእመት ካሰች ላይ ምን ቀረጹ?»

ሽማግሌው መሮውን መልሰው አነሱና መሳል ቀጠሉ።

«አያ እሸቴ፣ ጠየቅኩዎት።»

«ምሰሶው ሲቆም ይናገራል ብዬ ለሟች ቃል ሰጥቻለሁ። ምሰሶው ካልቆመ እኔም አፍ የለኝም።»

ፍቅርተ ብልጠት መሰላት። ስድስት ምሰሶ የሸጠ ሰው ሰባተኛውን ከሸጠ ምን ይገርማል? ካቴና አወጣች። ሳጅን ሲሳይ «አለቃዬ፣ ሽማግሌ ናቸው፣ በእጅ ይዣቸው ልሂድ» ቢላት አልሰማችውም። ቅዳሜ ከታች የገሳይ ገበያ ነው፤ መኪና ከዚያ ወዲህ ስለማይወጣ መኪናዋም ከገበያው ማዶ ነበር የቆመችው። ሽማግሌውን በካቴና በገበያተኛው መሃል ነዳቻቸው። ሴቶች የያዙትን ድንች ጥለው አዩ። አንዱ «ሙት ሻጭ!» ብሎ ጮኸ። አያ እሸቴ አንገታቸውን አልደፉም። ፊት ለፊታቸውን እያዩ ሄዱ። አንገቷን የደፋችው፣ ለምን እንደሆነ ሳይገባት፣ ፍቅርተ ነበረች።

በማግስቱ ዳኛቸው ሳይጠራ በራሱ ደብረ ታቦር መጣ። ቀጭን፣ ፀጉሩን ያሳደገ፣ ቁጣው ፊቱ ላይ የሚነበብ ሰው ነው።

«ሽማግሌውን በኔ ምክንያት ነው ያሰሩት?»

«አርብ ዘጠኝ ሰዓት የት ነበርክ?»

«ወረታ፣ ጎሚስታ ቤት። ሁለት ጎማ ፈንድቶብኝ እስከ አስራ አንድ ሰዓት ቆሜያለሁ። ስልክ ቁጥሩ ይኸው፣ ይደውሉለት።»

ደወለች። እውነቱን ነው። ጎሚስታው እንዲያውም «ያ ፀጉራሙ? ስለ እንጨት እያወራ ራሴን ያዞረው?» አለ።

«የእመት ካሰችን ምሰሶ ልትገዛ ጠይቀህ ነበር?»

«ጠይቄያለሁ፤ አልዋሽም። ዘንድሮ ካየሁት ሥራ ሁሉ የሚበልጥ እሱ ነው። አያ እሸቴ ግን "ይቺ ባለቤት አላት" ብለው ፎቶ ብቻ አስነሱኝ። እሱንም እስኪቆም ለሰው እንዳላሳይ አስምለው።»

«አሁን ለሰው አይደለም የምታሳየው። ለሕግ ነው።»

ሰውየው ትንሽ አመነታና ስልኩን ሰጣት። ፍቅርተ ፎቶውን በጣቷ እየሳበች አሳደገችው። ማር የመሰለ ጥድ። ረጅም እንዝርት፤ ክሩ ምሰሶውን እየዞረ ይወርዳል። ክሩ ላይ ርግቦች ሰፍረዋል። የመጀመሪያዋ ክንፏን ዘርግታለች። ሁለተኛዋ አጥፋለች። ሦስተኛዋ ዘርግታለች። አራተኛዋም ዘርግታለች።

አራት።

ፍቅርተ እንደገና ቆጠረች። ደሳለው፣ ሟቹ ሞገስ፣ ፋሲካ። ሦስት ልጅ ነው የተባለችው።

«ይቺ ሦስተኛዋ ዓይኗ አልተሠራም» አለች። «ግራ ዓይኗ ድፍን ነው። ሳይጨርሱት ነው ያነሳኸው?»

«አያ እሸቴ ያልጨረሱትን አያስነሱም። ስህተትም የላቸውም። እኔም ጠይቄያቸው "ያየሁትን ነው የቀረጽኩ" ነው ያሉኝ።»

«ይህን የሚያህል ጥድ ለመስረቅ ስንት ሰው ያስፈልጋል?»

ዳኛቸው እንደ ሞኝ አያት። «አንድ። አያ እሸቴ ጥዱ ሲደርቅ እንዳይሰነጠቅ ከታች ገብተው ውስጡን ይቦረቡሩታል። እንደ ቀፎ ባዶ ነው። እኔ በዚህ ሰውነቴ ብቻዬን መኪና ላይ እጭናለሁ።»

ፍቅርተ ደብተሯን አየችው። ሁለት ቀን ሙሉ ሁለትና ሦስት ጉልበተኛ ወንዶች ስትፈልግ ኖራለች። ባሕር ዛፉ የከበደው እርጥብና ድፍን ስለሆነ እንጂ ኃጢአት ስለተጫነበት አልነበረም።

ወደ እስር ክፍሉ ራሷ ሄደች። ካቴናውን ራሷ ፈታች። የሽማግሌው አንጓ ተልጧል።

«አያ እሸቴ፣ ተሳስቻለሁ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

አንጓቸውን አሻሹ። «ገበያ መሃል አስረሽ በግድግዳ ውስጥ ነው ይቅርታ የምትጠይቂኝ?»

ጆሮዋ ድረስ ጋላት። የሚቀጥለው ቅዳሜ ከፊቷ እንዳለ፣ ገሳይ ገበያ መሃል ቆማ ያንኑ ቃል ሳትደግም ከዚህ ሰው ፊት ቀና ብላ እንደማትሄድ ገባት።

«ቅዳሜ እመጣለሁ» አለች። «አሁን አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። ምሰሶውን በአቡጀዲ የጠቀለለው ማን ነው?»

«እሱማ ወግ ነው። ዘመድ እንዳያየው፣ ከሟች ቤት ዘመድ ያልሆነ ሰው ይላካል።»

«ማንን ላኩ?»

ሽማግሌው ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ዓይኗን አዩዋት። «የላኩትን ጠይቂያቸው። ቃሌ እስከዚህ ድረስ ነው።»

ሰኞ ጠዋት አስታ ሜዳ ስትደርስ መጀመሪያ የሄደችው ወደ አቶ ባዩ መቃብር ነው። የባልየው ምሰሶ በዝናብ ሸብቷል፤ ሞፈሩ ግን ገና ይታያል። ከሥሩ ሦስት ርግብ። ለባል ሦስት፣ ለሚስት አራት። ቄሰ ገበዝን ጠየቀቻቸው። አቶ ባዩ በደርግ ጊዜ ለዘመቻ ተወስደው ሦስት ዓመት ሰሜን ኖረዋል። ሞገስ ከመዝመታቸው በፊት፣ ፋሲካ ከተመለሱ በኋላ ነው የተወለዱት።

«እንግዲህ ሰውየሽ ደሳለው ነው» አለ ሳጅን ሲሳይ። «የእናቱ ገመና ሳይቆም አጠፋው። ኩሩ ሰው ነው፣ ያደርገዋል። ራሱ ባይሄድ ሰው ይልካል።»

ለእሷም እንደዚያው መሰላት። ቤት ገብታ ፎቶውን ከፊቱ አስቀመጠችለት። ደሳለው ቆጠረ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ስህተት ነው» አለ። «ሽማግሌው ጃጅቷል።»

«አርብ ይህን አውቀህ ነበር?»

«ባውቅ ሦስት መቶ ሰው ጠርቼ በገዛ እጄ ስፌት እፈታ ነበር? ባውቅ ምሰሶው ተሰነጠቀ፣ ተሰበረ እል ነበር… አርባውንም አላወጣም ነበር!»

እውነቱን ነው። ነውሩን የሚያውቅ ሰው ምሰሶ ሰርቆ ግንድ አያቆምም፣ አቡጀዲም በሕዝብ ፊት አይገፍም። የደሳለው ድንጋጤ የዛሬ ድንጋጤ ነው።

«ያየው ሰው ማን ነው ታዲያ?»

«ማንም አላየውም ብዬሻለሁ!»

«ማን ጠቀለለው?»

«ብርቱካን ናታ።»

«ብርቱካን ማን ናት?»

ደሳለው ጥያቄው አልገባውም። «ብርቱካን… የቤት ሰው። በሰባት ዓመቷ እናቴ ከይፋግ ያመጣቻት ወላጅ አልባ።»

«ማንም አላየውም አላልከኝም?»

በዚህ መሃል አንዲት ሴት የመታጠቢያ ውሃ ይዛ ገባች። ሠላሳ ስድስት ዓመት ይሆናታል። ጎንበስ ብላ በፍቅርተ እጅ ላይ አፈሰሰች። ፍቅርተ እጇን ዘርግታ እንደያዘች ቀና ብላ አየቻት። የግራ ዓይኗ ብሌን እንደ ወተት ነጥቷል።

ቅዳሜም ውሃ ያፈሰሰችላት ይቺ ሴት ነበረች። ምሳ ያቀረበችላት ይቺ ነበረች። ፍቅርተ ደብተሯ ውስጥ የዘጠኝ ሰው ቃል አለ፤ የዚህች ሴት የለም። ስሟን እንኳ አልጠየቀቻትም። በቤቷ አንዲት ሠራተኛ አላት፤ የእሷንም የአባቷን ስም አታውቀውም። እጇ ላይ የሚፈሰው ውሃ እንደ ፍል ውሃ አቃጠላት።

ተነሥታ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ወጣች።

«አባ፣ አርብ ለት ማንም አልገባም ብለውኛል።»

«ማንም።»

«ብርቱካንስ?»

«ብርቱካንማ ለድግሱ እንጨት አምጥታ ነበር፤ በረዶው ሳይጀምር። እሷ ምን ሰው…» ቃላቸው መንገድ ላይ ቀረ።

«ስትወጣስ አዩዋት?»

«በረዶው ሲያባራ። እንጨቷን ተሸክማ።»

«አባ፣ ለድግስ እንጨት ያመጣ ሰው ጀርባው ባዶ ሆኖ ነው የሚመለሰው።»

ቄሰ ገበዝ መቋሚያቸውን አቀፉ። ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። «አየኋት እኮ» አሉ ከነጠላው ውስጥ። «እግዚአብሔር ይይልኝ፣ አይቼ ነው ያላየኋት።»

ብርቱካን ጓሮ የማገዶ ክምሩ አጠገብ ቆማ ነበር። ፍቅርተን ስታያት አልሸሸችም። ከላይ ያለውን ቅርንጫፍ አንስታ ወደ ጎን አደረገችው፤ ሁለተኛውንም፤ ሦስተኛውንም። ከሥሩ ማር የመሰለው ጥድ ብቅ አለ። ፖሊስ ሁለት ጊዜ እጁን በታጠበበት ግቢ ውስጥ፣ ከግድግዳው ማዶ ነበር የተጋደመው።

«ላቃጥለው ነበር» አለች። «ሦስቴ መጥረቢያ አነሳሁ።»

«ለምን ተውሽው?»

«አያ እሸቴ ክንፌን ዘርግተውታል። ሰው ክንፉን በእጁ ይቆርጣል?»

«ገመናዋን ልትሸፍኚላት ነው የወሰድሽው?»

ብርቱካን እንደ መሳቅ አለች፤ ሳቁ ግን አልወጣም። «ለእሷ? እትዬ፣ ሠላሳ ዓመት እግሯን አጥቤያለሁ። እንግዳ ሲመጣ "ይቺ የይፋግ ልጅ ናት፣ ለነፍሴ ብዬ ነው ያሳደግኳት" ትላለች። ስትታመም ሁለት ወር ገላዋን አገላብጫለሁ። ክፍሉ ውስጥ እኔና እሷ ብቻ ነበርን። አፍ ነበራት። አንዲት ቃል አነሳት? አያ እሸቴ ጋ ለመጠቅለል ስላክ ዓይኔን እንጨት ላይ አገኘሁት። እሷ በአፏ ያፈረችብኝን እንጨት ይናገርላት? እሷ አፈር ለብሳ፣ እኔ ሦስት መቶ ሰው ፊት ቆሜ ልታይ? ሠላሳ ዓመት የሸሸችውን እፍረት ለኔ አውርሳኝ ነው የሄደችው። አልቀበልም አልኩ። አልወርስም።»

ፍቅርተ ክምሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ብዙ ሌባ መርምራለች። እንደዚህ ያለ ምክንያት ሰምታ አታውቅም፤ ሐሰት ነው ልትለውም አልቻለችም።

«ስሚኝ» አለች በመጨረሻ። «እኔ የማውቀውን ልንገርሽ። ምሰሶ የልጆች ነው። ልጅ የእናቱን ምሰሶ ቢያነሳ የቤተሰብ ነገር ነው፤ እኔ አያገባኝም። ሠራተኛ ካነሳችው ግን ስርቆት ነው፣ ያውም ከደጀ ሰላም። ሦስተኛ መንገድ የለኝም። ወይ ልጅ ነሽ፣ ወይ ሌባ።»

«ሌባ ይበሉኝ» አለች ብርቱካን ሳታስብ። «ቀላሉ እሱ ነው።»

ምሰሶውን ብቻዋን ተሸክማ ቤት አስገባችው። ወለሉ ላይ አጋደመችው። ደሳለው፣ ፋሲካ፣ ቄሰ ገበዝ፣ ሳጅን ሲሳይ ሁሉም ዙሪያውን ቆመው አዩት። ጎረቤት ደጅ ላይ ተሰብስቧል። ደሳለው ከርግቦቹ ወደ ብርቱካን፣ ከብርቱካን ወደ ርግቦቹ ተመለከተ፤ ነጩን ዓይን አየ፤ ድፍኑን ዓይን አየ። ከዚያ በፍጥነት መናገር ጀመረ፤ ነገሩን ሌላ ሰው ሳይጀምረው።

«በቃ። ተገኘ፣ ተመስገን። ብርቱካን የቤታችን ሰው ናት፤ አላዋቂነት ነው። እኛም እናቴን ስንቀብር ሰው አናስርም። ምረናታል። ክሱን ዝጉት። አያ እሸቴም በስህተት የገባችውን ርግብ ይፋቃትና ቅዳሜ እናቁመው።»

«ምረናታል» የሚለው ቃል ቤቱ ውስጥ ቆመ።

ብርቱካን በሩ ሥር፣ ሁልጊዜ የምትቆምበት ቦታ ላይ ነበረች። ሌባ ለመባል የተዘጋጀ ፊቷ ሲለወጥ ፍቅርተ አየችው። አንዱ ዓይኗ ጨው የነካው ያህል ቀላ።

«ማንን ነው የምትምረው?» አለች። አንተ ስትለው የመጀመሪያዋ ነው።

«ብርቱካን፣ ለደግነቴ መልሱ—»

«እኔ የሰው አልወሰድኩም። ያንተንም አልወሰድኩም። የእናቴን ነው የወሰድኩት።»

ደሳለው የሚቀመጥበት ፈልጎ አጣ። ፋሲካ ግን ተራምዳ ከብርቱካን ጎን በሩ ሥር ቆመች።

«ሰባት ዓመት በሰው አገር የሰው ቤት ጠርጌያለሁ» አለች። «ስልክ ተደውሎ "ቤት ማን አለ?" ሲባሉ እመቤቲቱ "ማንም የለም" ትላለች፤ እኔ አጠገቧ ቆሜ። እያለቀስኩ እተኛ ነበር። ከዚያ አገሬ ገባሁና ሦስት ዓመት ሙሉ ውሃ አስፈሰስኩሽ። እኔ አውቃለሁ እኮ! እያወቅኩ!» ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ብርቱካን አላቀፈቻትም፤ አልገፋቻትምም።

ፍቅርተ ደብተሯን አወጣች። አዲስ ገጽ ገለጠች።

«ቃልሽን ልቀበል። ሙሉ ስም?»

«ብርቱካን።»

«የአባት ስም?»

ብርቱካን ወደ መሬት አየች። «ይፋግ ያሳደገኝ ሰውዬ ስም ነበር የሚሰጠኝ። እሱ አባቴ አይደለም። የወለደኝንም አላውቀውም፤ ማንም እንዲነግረኝ አልፈልግም። ካሰች ብለው ይጻፉ።»

«ቅጹ የአባት ነው የሚለው» አለ ሳጅን ሲሳይ ቀስ ብሎ፤ ለመከልከል ሳይሆን እንዲሁ ከልማድ።

«ይበል» አለች ፍቅርተ፤ ጻፈች።

«እንዲህ ያለ ስም በቀበሌ የለም» አለ ደሳለው ከማዕዘኑ። ጋቢውን እስከ ዓይኑ ሳበው።

ብርቱካን ወደ ደብተሩ ጠጋ አለች። ፊደል አልቆጠረችም። የተጻፈውን በአንዱ ዓይኗ እያየች «ያንብቡልኝ» አለች። «ደጅ እስኪሰማ።»

ፍቅርተ ተነሥታ ቆመች። «ብርቱካን ካሰች» ብላ አነበበች። «ዕድሜ ሠላሳ ስድስት። ነዋሪነት አስታ ሜዳ። ከሟች ጋር ያላት ዝምድና፣ ልጅ።»

ደጅ ላይ አንድ ሰው አፉን በጋቢው ያዘ። ቄሰ ገበዝ አማተቡ።

«ይድገሙት» አለች ብርቱካን።

ፍቅርተ ደገመችው።